የመርፌ ቀን ቡና፦ የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዕቅዱን ለለጋሹ እስከ ዓርብ መላክ አለብን። ረቂቁ ላይ ያሰፈርኩት «ስኪዞፍሬንያ (ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሊያሰማ የሚችል የአእምሮ ሕመም) ላለባቸው 60 ሰዎች የ2 ቀን የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና፣ በሆቴል» የሚል ነው። አስተያየታችሁን ጣሉ።

እህት (ወንድሟን የምታስታምም)፦ ሆቴሉ ይቅር። ወንድሜ አዳራሽ ውስጥ 10 ደቂቃ አይቀመጥም። ሰው ሲበዛ ድምፆቹም ይበዙበታል። ሲጀምረው የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ግቢውን ይዞራል። ድሮ «ኧረ ቁጭ በል!» እያልን እንጮህበት ነበር፤ ይብስበታል። አሁን ዝም እንለዋለን። ሩብ ሰዓት ያህል ዞሮ ይመለስና ሻይ ይጠይቃል። ዘዴውን ያገኘው ራሱ ነው።

አባል (ሕመሙ ያለበት)፦ እውነቷን ነው። እኔን ከድምፁ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጎረቤቴ ልጇን ከእኔ ስታሸሽ ነው። ሌላው ምሳ ነው። መድኃኒቱ ያስርባል። በባዶ ሆድ ስወስደው ያዞረኛል፤ ቤት ምግብ ከሌለ እዘለዋለሁ። ይሄ ረቂቁ ላይ የት ገባ?

ጸሐፊ፦ ለጋሹ ምሳ አይከፍልም ብዬ ፈርቼ ነው።

ጡረተኛ ነርስ፦ ሆቴል ሲሆን ይከፍል የለ እንዴ! ስማኝ ልጄ፣ የሕመሙን መድኃኒት በየወሩ በመርፌ የሚወጉ ሰዎች በቀጠሯቸው ቀን መምጣታቸው አይቀርም። ጤና ጣቢያው አጠገብ አንድ ክፍል እንከራይ። ቡና ይፈላ፣ ምሳ ይቅረብ፣ ስምንት ስምንት እየሆኑ ይጫወቱ። የተረፈው ብር ለቤት ለቤት ጉብኝት ይዋል። ጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ላይ ተሞክሯል እኮ። የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው ለ12 ወር ታማሚውንም ቤተሰቡንም ደገፉ። ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የእነዚህ የዕለት ኑሮ ተሻሽሏል።

አባት፦ ጥሩ። የእድር ዳኞችም ይጠሩ፤ የጎረቤቷን ነገር የሚይዙት እነሱ ናቸው። ጸበሉን ግን እንዳትነኩብኝ። ልጄ መርፌውን ተወግቶ፣ ክኒኑን ይዞ ነው የሚሄደው።

ነርስ፦ ክኒኑን ከያዘማ ማን ይነካብዎታል። ጫቱን ያስተዉልኝ እንጂ!

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ሆቴሉን ሰርዣለሁ። ለውጡን በምን እንለካ? የዓለም ጤና ድርጅት 26 ጥያቄ ያለው የኑሮ ጥራት መጠይቅ አለው። አካልን፣ ስሜትን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና አካባቢን ይጠይቃል።

አባል፦ «በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ሰላም አለህ?» የሚል አለበት?

ጸሐፊ፦ የለም። ለብቻው እጨምረዋለሁ። የክፍሉን ኪራይ ነገ ጠይቆ የሚነግረኝ ማነው?

እህት፦ እኔ። ከወንድሜ ጋር በእግር እንሄዳለን።