ሪቪት (የሕንፃ መንደፊያ ሶፍትዌር) ላይ የግድግዳ ስፋት ከእጅ ስሌት ጋር አልገጥም አለ

ሰገነት (አዳማ)፦
ሰላም የሙያ ባልደረቦች። አዳማ ለሚሠራ ጂ+1 ቤት የምዕራቡን ግድግዳ ስፋት እያወጣሁ ነው። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው። 1.50 በ1.20 የሆኑ 4 መስኮቶችና 0.90 በ2.10 የሆነ አንድ በር አለው። በእጅ ሳሰላው የተጣራው 26.91 ካሬ ሜትር ይመጣል። ሼጁሉ (ሪቪት የሚያወጣው የልኬት ሰንጠረዥ) ግን የብሎኬቱን ግድግዳ 28.71 ይለዋል፤ ለብቻው የሳልኩትን የልስን ግድግዳ ደግሞ ጭራሽ 36። የመስኮትና የግድግዳ ምጣኔውንስ ለየትኛው ላካፍል?

ብሎኬት 20፦
ወንድሜ፣ ልዩነቱን እየው፤ ልክ 1.80 ነው፣ የአንድ መስኮት ስፋት። ሦስቱ ግድግዳውን ቆርጠዋል፣ አንዱ አልቆረጠም። ልስኑም 36 ስላለ ያ መስኮት ልስኑ ላይም አልተቀመጠም። ፋሚሊው (የመስኮቱ ሞዴል) ራሱ ቀዳዳ የሚቆርጥ ክፍል የለውም ማለት ነው። ለማረጋገጥ ስሪዲ ላይ መስኮቶቹን በጊዜያዊነት ደብቃቸው፤ ከኋላው ግድግዳው ሳይበሳ የሚታየው እሱ ነው። በሌላ ፋሚሊ ቀይረው።
የልስኑ ምክንያት ሌላ ነው። መስኮት የሚቆርጠው የተቀመጠበትን ግድግዳ ብቻ ነው። ሞዲፋይ በሚለው ትር ላይ ጆይን ጂኦሜትሪን (ማያያዣውን ትዕዛዝ) ይዘህ ብሎኬቱንና ልስኑን ንካቸው፤ ቀዳዳው በሁለቱም ያልፋል።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦
ምጣኔው የሚካፈለው ላልተቀነሰው 36 ነው፤ 7.20 ÷ 36 = 20 በመቶ። ለ26.91 ካካፈልከው ወደ 27 በመቶ ይጠጋና፣ ከሰዓት ፀሐይ ለሚመታው ለምዕራብ ግድግዳ የተሳሳተ ውሳኔ ያስወስንሃል። በሩ መስታወት ከሌለው ከመስኮት ጋር አይደመርም።
የመስኮት ሼጁል ላይ ወርድን በከፍታ የሚያባዛ ካልኩሌትድ ፓራሜትር (በቀመር የሚሰላ ዓምድ) ስትጨምር ታይፑን ኤሪያ (ስፋት) አድርገው። ነምበር (ተራ ቁጥር ያለ አሃድ) እንደሆነ ከተውከው አሃዱ አልገጠመም ብሎ ይመልስሃል።

ሰገነት (አዳማ)፦
አራተኛው መስኮት ነበር፤ ስቀይረው 26.91 መጣ። ልስኑም ተስተካከለ። እግዜር ይስጥልኝ!

ብሎኬት 20፦
ለክፍያ የምታወጣው ከሆነ ገና አላለቀም። ግድግዳው ውስጥ ያለ 30 ሳንቲም ኮለን (ምሰሶ) ከብሎኬቱ ላይ 0.90 ካሬ ሜትር ይቀንሳል፤ ጆይን ካልተደረገ ሪቪት አይቀንሰውም። ከልስኑ ግን አትቀንሰው፣ ኮለኑም ይለሰናል። በዚያ ላይ ወደ መስኮቱ የሚታጠፈው ልስን አለ፦ ሁለቱ ጎንና ላዩ 3.90 ሜትር፣ በ10 ሳንቲም ጥልቀት 0.39 ካሬ ሜትር፣ ለአራቱ 1.56። ይህን ሼጁሉ አያወጣልህም፤ በእጅ ጨምረው።