ማር ለማይድን የእግር ቁስል፦ ስንት ሚሊ፣ በስንት ቀን?

ጥያቄ
ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በደም መልስ ድክመት የመጣ ቁስል ነው፤ 5 በ4 ሴንቲሜትር፣ ሦስት ወር ያለፈው። ቢጫ የሞተ ሥጋ አለው፣ ይሸታል፣ ፈሳሹ ብዙ ነው። ማር ተቀብቶ በጎዝ ሲሸፈን በማግስቱ ማሩ የለም፤ ዙሪያው ያለው ቆዳም ውሃ ውስጥ እንደቆየ ጣት ነጥቶ ይጨማደዳል። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? ከገበያ የሚገዛውስ ማር ይሆናል?

መልስ 1
ማሩ አንሷል፣ አቀባቡም ልክ አይደለም። ቁስል ላይ የተቀባ ማር ፈሳሹ ይዞት ይወርዳል፤ ማሩን መጀመሪያ ጎዙ ይጠጣው። ልኩ ለ10 በ10 ሴንቲሜትር ጎዝ 20 ሚሊ ሊትር ነው። እዚህ ጎዙ ጠርዙን በየጎኑ 1 ሴንቲ እንዲያልፍ 7 በ6 ከተቆረጠ 8 ሚሊ ግድም ይበቃዋል። ማሩ ከጠጠረ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያቆዩት እንጂ እሳት ላይ አይጣዱት።

ቁስሉን በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የሕክምና ጨው ውሃ) ያጥቡ፣ ዙሪያውን አድርቀው ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቫዝሊን ይቀቡ፤ ከዚያ ማር የጠጣው ጎዝ፣ በላዩ ወፍራም ደረቅ ፓድ። ፓዱ ከራሰ ወዲያው ይቀየር። መጀመሪያ በየቀኑ ነው፣ ፈሳሹ ሲቀንስ በሁለት በሦስት ቀን።

መልስ 2
የገበያው አይሆንም። የክሎስትሪዲየም ባክቴሪያ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም፣ እንደ ዘር የተኛ ቅርጹ) ሊኖርበት ይችላል፣ ስኳር የተቀላቀለበትም ሞልቷል። አፍልቼ ልጠቀም የሚል አይጠፋም፦ ማፍላት ጀርም ገዳዩን ፐሮክሳይድ የሚያመነጨውን የማሩን ኢንዛይም ያጠፋል፣ ስፖሩን ግን አይገድልም። ለቁስል የሚዘጋጀው ማር ከጀርም የሚጸዳው በጋማ ጨረር ነው። ጣዝማም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ እንዲያውም ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይፈሳል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ሲደረግ ያቃጥላል፤ ቁስሉም ሰፋ ያለ መሰለ።

መልስ 3
ማቃጠሉ ከአሲድነቱ ነው፤ ካልተወ ታጥቦ ይነሳ። የሞተው ሥጋ ሲለቅ የቁስሉ እውነተኛ ስፋት ይታያል፣ ሥሩ ቀይ ከሆነ አያስጨንቅም። ቅላቱ ወደ ጤነኛው ቆዳ ከተሰራጨ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ሐኪም ዘንድ ነው።

ስለ መጭመቂያ ፋሻ ማንም አላነሳም! የደም መልስ ቁስልን የሚዘጋው እሱ ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ 368 ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ፋሻው ላይ የማኑካ ማር (ማኑካ ከሚባል ቁጥቋጦ አበባ የሚገኝ) መጨመሩ በ12 ሳምንት ውስጥ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም፤ ሕመም ግን ጨምሯል። ማሩ ለሽታውና ለሞተው ሥጋ ይጠቅም ይሆናል። ከመጠቅለልዎ በፊት የእግሩን ደም ቅዳ ያስለኩ፦ የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት ለክንዱ ግፊት ተካፍሎ ከ0.8 ካነሰ አጥብቆ ማሰር እግሩን ደም ያሳጣዋል።