የእጅ ሰዓቱ ካሎሪ ሁለት ጊዜ እየተደመረ ይሆን?

ስሌቱ የገባው ሰው ይርዳኝ። የምግብ መመዝገቢያው አፕ «ብዙ የማይንቀሳቀስ» በሚለው ደረጃ በቀን 1,900 ካሎሪ እንደሚቃጠል ገምቶ፣ ለክብደት ቅነሳ 500 ያነሳና 1,400 እንድበላ ይፈቅዳል። ከአፑ ጋር የተገናኘው የእጅ ሰዓቴ ትናንት ቀኑን የዘጋው በ2,180 ነው። አፑ በግቡ ላይ የሚጨምረው ማስተካከያ የሁለቱ ግምት ልዩነት ስለሆነ 280 ሰጠኝ፤ እዚህ ድረስ ልክ ነው።

ችግሩ፣ የ40 ደቂቃ የብረት ስፖርቱን 180 ብዬ በእጄም መዝግቤው ስለነበር በድምሩ 460 ተጨመረልኝ። 180ውን ከማስተካከያው ቀንሶ 100 ብቻ ማስቀረት አልነበረበትም? የጠረጠርኩት ስፖርቱን ጀመርኩ ብዬ የሞላሁትን ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12:30 የሠራሁትን በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላሁት፤ አፑ ቀትር አድርጎት ይሆን? 6:30 ብዬ ባርመው የትናንቱ ይስተካከላል ወይስ አጥፍቼ እንደገና ላስገባ?

አንድ ሌላም አለ። ተቀምጬ ስውል ሰዓቱ 1,760 ቢያሳይም ግቡ ከ1,400 አይወርድም፤ ትንሽ ሲቃጠል ግቡን የሚቀንሰው የአፑ የቅናሽ ማስተካከያ ስላልበራ ነው። ካበራሁት ግን 1,260 ሊሆን ነው፣ ይህ ደግሞ በጣም አነሰብኝ። ላብራው ወይስ ጭማሪውን በግማሽ ብቻ እየበላሁ ልተወው?