ኦይል ሲሉን ቀይሬም ዘይት ማንጠባጠቡ አልቆመም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
እንደምን ዋላችሁ ወገኖች። ባለ 200 ሲሲ የገጠር ሞተር ሳይክል አለኝ፣ ፎር ስትሮክ ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ለሥራ ወደ ቆላ ድባ እመላለስበታለሁ። በግራ በኩል፣ ሰንሰለቱን ከሚያዞረው የፊት ጥርስ ሥር ዘይት ያንጠባጥባል። ጠዋት ስነሳ ሲሚንቶው ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ምልክት አገኛለሁ። ከወር በፊት አንድ ጋራዥ ወስጄው ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ ዘንጉን የሚያቅፈው የጎማ ቀለበት) ተቀየረ። ሁለት ሳምንት ደረቀ፣ ከዚያ መልሶ ጀመረው። አሁን ደግሞ "ኢንጂኑ ካልተፈታ አይሆንም" ተባልኩ። ገንዘቡም ጊዜውም ከብዶኛል። የግድ መፈታት አለበት? ራሴ ብሞክረውስ?

መልስ፣ ከማራኪ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ በዓይንህ እይ። ያቺ ቦታ ጠባብ ናት። የማርሽ መርገጫው ዘንግ ሲል እዚያው አጠገብ ነው። የኒውትራል መብራት ስዊችም አለ። ከማግኔቱ ክዳን ጓርኒሲዮን የሚወርድ ዘይትም እዚያው ይጠራቀማል። የጥርሱን መሸፈኛ አውልቅ፣ በናፍጣና በብሩሽ እጠብ፣ በደንብ አድርቅ። ከዚያ የሕፃን ፓውደር ነስንስበት። አስነሥተህ ትንሽ ዙርበት፣ አጥፋና በባትሪ እይ። ነጩ ላይ ዘይቱ የመጣበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰንሰለቱ እየዞረ ግን እጅህን እንዳታስገባ!

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
እንዳልከው አደረግኩ፣ ይመችህ። የማርሽ ዘንጉ ደረቅ ነው። የሚረጥበው ጥርሱ የተሰካበት ሻፍት ዙሪያ ብቻ ነው።

መልስ፣ መካኒክ፣ ከአራዳ፦
ልጄ፣ መፈታቱን አስቀድመን እንጨርሰው። ሲል ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከውጭ ተገፍቶ የሚገባ ነው። ሌላው በውጭ ዙሪያውን ወጣ ያለ ጠርዝ አለው፤ ጠርዙ በኢንጂኑ ሁለት ግማሾች መካከል ስለሚያዝ ካልተፈታ አይወጣም። ያንተ ባለፈው ሳይፈታ ተቀይሯል አይደል? እንግዲያው የውጩ ዓይነት ነው። ራስህ ልትሠራው ትችላለህ።

የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ። ሰንሰለቱ ሳይወልቅ አንድ ሰው የኋላ ፍሬን ይርገጥልህና የጥርሱን ቡሎኖች አላላ። ሰንሰለቱ ከወለቀ በኋላ ጥርሱ አብሮህ እየዞረ ያስቸግርሃል። ከዚያ ሞተሩን ወደ ቀኝ አዘንብለህ ግድግዳ ላይ አስደግፈው። ዘይቱ ወደዚያ ይሸሻል፣ መድፋት አያስፈልግህም።

አሮጌውን ሲል በካቻቢቴ ስትፈነቅል ሻፍቱንም ሲሉ የሚቀመጥበትን አልሙኒየምም እንዳትጭር። አንድ ጭረት ብቻ ለዘይት መንገድ ነው። እምቢ ካለህ ፊቱ ላይ ትንሽ ብሳ፣ ቪቴ አስገባና ቪቴውን በፒንሳ ሳበው። ከኋላው ኩሽኔታ (ሻፍቱ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ስላለ ትራፓኖው ጠልቆ እንዳይሄድ።

አዲሱ ሲገባ ሞላው ያለበት ፊት ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘይቱ ይሁን። ሻፍቱን የሚነካውን የውስጥ ከንፈሩን ግራሶ ቀባው። የሻፍቱን ጥርሶች በስስ ላስቲክ ወይም በፕላስተር ሸፍናቸው፤ ብዙ ሰው አዲስ ሲል የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ስፋቱ ከሲሉ የውጭ ጠርዝ ጋር እኩል የሆነ ቡሶላ ወይም የቱቦ ቁራጭ ደግነህ ቀስ እያልክ ምታ። በመዶሻ በቀጥታ አንድ ጎኑን ከመታኸው ይጣመማል፣ ያፈሳል። ከንፈሩ ላይ ሲሊኮን አታድርግ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደህና ሲል በሁለት ሳምንት አያልቅም። የሚገድለው ሌላ ነገር አለ። ሦስት ነገር እይልኝ። አንደኛ፣ ሲሉን ካወጣህ በኋላ ሻፍቱን በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህን የሚይዝ ቦይ ካለ ከንፈሩ በልቶታል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሻፍቱን ላይና ታች ነቅንቀው። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ያኔ መካኒክህ ልክ ነው፣ መፈታት አለበት። ሦስተኛ የኢንጂኑን መተንፈሻ ቱቦ ፈልግ። የደምቢያ ዋልካ ጭቃ ገብቶ ከደፈነው ግፊቱ መውጫ ሲያጣ በሲል በኩል ዘይት ይገፋል።

ሰንሰለቱንስ ምን ያህል ነው የምታጠብቀው?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሰንሰለቱን በስታንድ አቁሜ ምንም እንዳይረግብ ነው የማጠብቀው። ሲረግብ ጥርሱ ላይ ይዘላል ብዬ።

መልስ፣ መካኒክ፣ ከአራዳ፦
አገኘነው መሰለኝ! የገጠር ሞተር የኋላ አሞርቲዘሩ ረጅም ነው። ሰው ሲቀመጥበትና ጉድጓድ ሲመታ የኋላው ጎማ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰንሰለቱም ይወጠራል። በጣም የሚወጠረው የፊት ጥርሱ፣ የኋላ ክንዱ መታጠፊያና የጎማው አክስል በአንድ መስመር ሲሆኑ ነው። በስታንድ ላይ የተገተረ ሰንሰለት ያኔ ሻፍቱን ወደ ኋላ ይጎትታል። ኩሽኔታውንም ሲሉንም ይጨርሳል። ሁለት ሰው አስቀምጥና ያኔም ትንሽ ላላ ማለቱን አረጋግጥ።

መልስ፣ መለዋወጫ ነጋዴ፣ ቅዳሜ ገበያ፦
ሲል ልትገዛ ስትመጣ አሮጌውን ይዘህ ና፣ ወንድሜ። ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥር አለ። ለምሳሌ 20፣ 34፣ 7 ካለ 20 የሻፍቱ ውፍረት፣ 34 የውጭ ስፋቱ፣ 7 የሲሉ ወርድ ነው፣ ሁሉም በሚሊሜትር። "የ200 ሲሲ ሲል ስጪኝ" ብሎ የሚመጣ ብዙ ነው፤ ከዚያ አይገጥምም ብሎ ይመለሳል። ከንፈሩን በጣትህ እጠፈው። የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ከእኔም ቢሆን አትግዛ።

ሌላ ጠያቂ፣ ከደባርቅ፦
የእኔ ቱ ስትሮክ ነው። ውጭ ምንም አያፈስም። ግን የማርሽ ዘይቱ እየጎደለ ነው፣ ነጭ ጭስም በዝቷል።

መልስ፣ መካኒክ፣ ከአራዳ፦
ያ በፍሪሲዮን በኩል ያለው የኮሎ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ሲል ይመስላል። ኢንጂኑ የማርሹን ዘይት ወደ ውስጥ እየሳበ ያቃጥለዋል። ቶሎ አሠራው፤ ማርሹ ያለ ዘይት ይቀራል። በማግኔት በኩል ያለው ሲል ቢያልቅ ደግሞ አየር ይስባል፣ ኢንጂኑ ከልክ በላይ ይግላል። እሱ ፒስተን ያስበላል።

ጠያቂ፣ ከአዘዞ (ከ12 ቀን በኋላ)፦
ወገኖች፣ ሠራሁት! ኩሽኔታው ደህና ነው፣ አይነቃነቅም። ሻፍቱ ላይ ግን ጥፍር የሚይዝ ቀጭን ቦይ ነበር። የመተንፈሻው ቱቦ ጫፍም በደረቀ ጭቃ ተዘግቷል፣ በሽቦ አጸዳሁት። ለቦዩ ጋሼን በስልክ ጠይቄ አዲሱን ሲል እስከ መጨረሻው አልገፋሁትም። ከበፊቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ አስቀረሁት፤ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ላይ አረፈ። ጥርሱ እንዳይነካውም አዙሬ አየሁ። ሰንሰለቱን ወንድሜንና ጓደኛውን አስቀምጬ ለካሁት። ትናንት ጎርጎራ ደርሼ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ሲሚንቶው ደረቅ ነው።

መልስ፣ መካኒክ፣ ከአራዳ፦
እሰይ ልጄ! አሁን የዘይቱን ልክ እይ፣ ሲፈስ የከረመውን ሙላ። የጥርሱን ቡሎኖችም ዛሬውኑ እንደገና አጥብቃቸው።