ከጎንደር ለ4 ቀን የት እንሂድ? ልጄ ባሕር ማየት ይፈልጋል

የቀሃዋ እናት፦

እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ጎንደር ነው፣ ቀሃ አካባቢ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና 4። አማቴም አብረውን ናቸው፣ 70ን አልፈዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከጥምቀት በኋላ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ፈተናቸውን ጨርሰው ትንሽ ያርፋሉ፣ ባለቤቴም 4 ቀን ፈቃድ አግኝቷል። ጥምቀትን እንደምታውቁት ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ሳምንቱን ሙሉ ስናስተናግድ ነው የምንከርመው። ከዚያ በኋላ እኛም አንዴ እንግዳ ሆነን ማረፍ አማረኝ።

ነገሩ የመጣው ከልጄ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ቀይ ባሕር ከተማሩ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ባለፈው እሑድ ልብስ ልዘፈዝፍበት ያስቀመጥኩት ሳፋ ውስጥ ጨው በትኖ፣ ከደብተሩ ወረቀት ገንጥሎ መርከብ ሠርቶ አገኘሁት። ጣቱን ነክሮ እየላሰ "እማ፣ እውነተኛው ከዚህ ይብሳል?" አለኝ። ቀጥሎ "እኔ ማየት የምፈልገው ማዶው የማይታይ ውሃ ነው" አለ። አሳይሃለሁ አልኩት። ለልጅ የገባሁትን ቃል ማጠፍ አልወድም።

ጅቡቲ በ4 ቀን ይሆናል ወይ? ባለቤቴ "ጣና እያለልን ምን አስኬደን" ይላል። ጣና ከሆነስ ጎርጎራ ነው ባሕር ዳር? ሄዳችሁ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ለአማቴና ለትንሿ የሚሆነውንም አስቡልኝ።

የባቡር መንገደኛ፦

እህቴ፣ ጅቡቲ ከልጆቼ ጋር ሄጃለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። ወሩን በትክክል መርጠሻል። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፣ ልጅ ይዞ አይሞከርም። ጥር ግን ደስ የሚል አየር ነው። የእኔ ትንሹ ልጅ መጀመሪያ ማዕበሉ እግሩን ሲነካው ሸሽቶ እጄን ያዘ። ከዚያ ከንፈሩ ላይ የተረጨውን ቀመሰና ዞር ብሎ አየኝ፣ ምንም አልተናገረም። ያቺን ፊት እስካሁን አልረሳትም። ስለዚህ ልጅሽ የሚመኘው ነገር ከንቱ አይደለም።

ችግሩ ቀኑ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በአውሮፕላን 1 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በባቡር ከሆነ መስመሩ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ጠዋት አዲስ አበባ ካለው ለቡ ጣቢያ የተነሣ ሰው ማታ ነው ጅቡቲ ያለው ነጋድ ጣቢያ የሚደርሰው። ድንበር ላይ ወርዶ መሰለፍ አለ፣ ሻንጣ ማስፈተሽ አለ። ባቡሩም በየቀኑ አይወጣም፣ ቀኑ ካልገጠመልሽ አዲስ አበባ ማደር ነው። መመለሻውንም ጨምሪበት። ከ4 ቀንሽ ባሕሩ ዳር የምትውይው አንድ ቀን ቢሆን ነው፣ ለዚያውም ከተረፈ። በአውሮፕላን በቀጥታ ከበረራችሁ መንገዱ ያጥራል፣ የአምስት ሰው ቲኬት ግን ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ጅቡቲም ኑሮው ውድ ነው፤ ምግቡም ታክሲውም። ፓስፖርት ለልጆቹም ለእያንዳንዳቸው ያስፈልጋል።

እኔን ብትሰሚኝ ጅቡቲን ለሌላ ዓመት አቆዪው፣ ቢያንስ 8 ቀን ያዢለት። ያኔ አሳል ሐይቅንም ታሳይዋለሽ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ የለም፣ ዳርና ዳሩ በጨው ነጭቷል። ሳፋ ውስጥ ጨው ለሚበትን ልጅ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም።

ዓባይ ዳር፦

እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ አዳልቼም ከሆነ ይቅር በይኝ። ግን እስቲ ስሟን ተመልከቺው፤ ባሕር ዳር። አባቶቻችን ጣናን ባሕር ብለው ነው የጠሩት። ከሰሜን ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ውሃ ነው፣ ልጅሽ ዳሩ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ቢያይ ማዶውን አያገኘውም።

መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአዘዞ፣ በማክሰኚት፣ በአዲስ ዘመን፣ በወረታ አድርጎ። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት ከሚመላለሱት ሹፌሮች ጠይቁ፣ ዛሬ የጠየቅሽው ለነገ ላይሆን ይችላል። እንፍራዝ ስትደርሱ ጉዛራ ግንብ አለ፣ አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት። ከፋሲል ግንብ ይቀድማል። ከኮረብታው ላይ ሐይቁ ይታያል። ዳገቱን አማትሽ አይወጡት ይሆናል፣ ለልጁ ግን ጣናን መጀመሪያ ከዚያ አሳዪው።

ጀልባ በጠዋት ነው የሚኬደው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ትንሿም ትፈራለች። ዘጌ በሞተር ጀልባ 1 ሰዓት ያህል ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይገባል፣ ከወደቡ ግን በቡና ጫካ ውስጥ የምትወጣ የእግር መንገድ አለች። አማትሽ ቀስ እያሉ፣ ምርኩዝ ይዘው ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ ያንን ሳታውቂ ከፍለሽ ጀልባ ላይ እንዳትቀሪ። መውጣት ካቃታቸው ደብረ ማርያም ቅርብ ነው፣ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ። እዚያ ጉማሬ ብቅ ሲል ታገኙ ይሆናል፤ ከሩቅ ሆናችሁ እዩት፣ ጀልባውን አስጠጉ አትበሉ። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ። የልጆቹን የመንሳፈፊያ ጃኬት ራስሽ ለክተሽ አልብሻቸው። የትልቅ ሰው ጃኬት ለ4 ዓመት ልጅ አይረባም፣ ከላይ ሾልካ ትወጣለች።

ጢስ ዓባይን ብዙ ሰው ይመክርሻል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ውሃው የሚያምረው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ በጥር ይቀንሳል። ለዘንድሮ ይቅር።

ነርስ ነኝ፦

ሁሉም ጥሩ ብላችኋል፣ አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ልጆቹ ጣና ውስጥ አይዋኙ። ዳር ዳሩን፣ ሣር ያለበት ላይ እግር ማስነከርም ቢሆን ይቅር። ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይቆያል፣ ቆዳን በስቶ ነው የሚገባው፣ ሲገባም አያስታውቅም። ውሃው ጥርት ብሎ መታየቱ አያታልልሽ። ባሕር ላይ ይሄ የለም፣ ጨው ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ አይኖርም። ከሄዳችሁ በኋላ ከሳምንታት ቆይቶ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ካየሽ ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ጣና ሄደን ነበር" ብለሽ ንገሪያቸው። መድኃኒት አለው፣ ቀላል ነው፣ ካልተነገረ ግን ይዘገያል። የጣና ዙሪያ ወባም አለበት፣ የምታርፉበት ቦታ አጎበር መኖሩን ደውለሽ ጠይቂ። መዋኘት ካማራቸው ገንዳ ያለው ሆቴል ፈልጊ።

የደምቢያ ልጅ፦

ጎርጎራን ማንም አላነሣውም እኮ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በቆላ ድባ አድርጋችሁ ትገባላችሁ። ለአማትሽ መንገዱ ማጠሩ ትልቅ ነገር ነው። ደብረ ሲና ማርያም ሐይቁ ዳር ናት፣ ብዙ መውጣት የለውም፣ የግድግዳ ሥዕሏን ቁጭ ብለው ያያሉ። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርትም እዚያው ነው፣ ለኪስ ከከበደ ደርሶ መልስም ይቻላል። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ዳሩ ላይ አቁሞኝ ከደንገል፣ ውሃ ዳር ከሚበቅለው ተክል፣ የተሠራ ታንኳ የሚቀዝፉትን ያሳየኝ ነበር። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ታንኳዋ ዝቅ ትላለች፣ ሰውየው ውሃው ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ሥራዋን ስትጨርስ ከውሃ ወጥታ ፀሐይ እንዲያደርቃት ዳሩ ላይ ትቆማለች። ሪዞርትም ጀልባም ቢቀር ያንን ለልጅሽ አሳዪው።

የቀሃዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ቡና ላይ ተነጋገርን። አማቴ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሲሰሙ ጉልበታቸውንም ረሱት፣ "ተሸክማችሁም ቢሆን ውሰዱኝ" አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ጎርጎራ ደርሰን እንመለሳለን፣ በማግስቱ ባሕር ዳር ሄደን ሁለት ሌሊት እናድራለን። ጅቡቲን ለሌላ ዓመት ብለናል፣ ለልጄም ቁርጡን ነግሬዋለሁ። ትንሽ አኮረፈ። ከዚያ መጥቶ "ጣናስ በእውነት ማዶው አይታይም?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት፣ እርግጠኛ ሆኜ መመለስ አልቻልኩም።

ዓባይ ዳር፦

ደሴቶቹ ይታያሉ፣ እሱን አስቀድመሽ ንገሪው፣ ማዶው ናቸው ብሎ እንዳያዝን። በማለዳ ጀልባው ከወደቡ ራቅ ሲል ወደ ሰሜን፣ ወደ እናንተ አገር አዙሪው። ውሃና ሰማይ ብቻ ነው የሚያየው። ጎርጎራ ስትሄዱም ወደ ደቡብ ይይ፣ እኛ ከዚያ ማዶ ነን፣ ግን አንታየውም።