ከማይኤስኪውኤል 5.5 ወደ 8.4፦ የተማሪዎቹ ስም ትብትብ ሆነብኝ

ሪከርድ ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ትምህርት ቤት የውጤት ሲስተም ተረክቤያለሁ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል 5.5 ነው። ኮምፒውተሩ ላይ "እንዳይጠፋ!!" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የነካውም የለም። ዳምፕ (የዳታው ሙሉ ቅጂ በጽሑፍ ፋይል) አውጥቼ 8.4 ላይ ስጭነው አማርኛው ሁሉ ተዘበራረቀ። ጭረት የተጫነባት የላቲን ኤ በየቦታው ትደጋገማለች። በአሮጌው ፕሮግራም ግን ስሙ ጥርት ብሎ ይነበባል። ዳታው ጠፋ ማለት ነው? ምዝገባ ደርሷል እኮ።

ቋት ጠባቂ፦
አይዞሽ እህቴ፣ አልጠፋም። ያቺ ኤ ናት ያጋለጠችው። በዩቲኤፍ8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚያስቀምጠው ኮድ) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። ላቲን1 (እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል የሚቆጥረው አሮጌ ኮድ) እሱን ባይት ያቺን ኤ ብሎ ያነበዋል። የ5.5 ዲፎልት ላቲን1 ነበርና ፕሮግራሙም እንደዚያው ሲያስገባና ሲያወጣ ኖሯል፤ ማንም አልነቃም።

ዳምፑን በላቲን1 አውጪ፤ ፋይሉ ውስጥ ኮዱን የሚያዝ መስመር እንዳይጻፍ "ስኪፕ ሴት ካርሴት" የሚለውንም አማራጭ ጨምሪ። ከዚያ ፋይሉ ውስጥ የሰንጠረዦቹን ላቲን1 በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (ማይኤስኪውኤል ሙሉውን ዩቲኤፍ8 የሚጠራበት ስም) ተክተሽ፣ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ጫኚው። ሰንጠረዡን "ኮንቨርት" በሚለው ትዕዛዝ እንዳትቀይሪ! ትብትቡን እንዳለ ያጸድቅልሻል። ዩዘሮቹንም አዲስ ፍጠሪ፣ ከአሮጌው አታምጪ።

ሪከርድ ክፍል፦
እሰይ፣ ተነበበ! ግን "ገብረመድህን ወልደሚካኤል" የነበረው "ገብረመድህን ወል" ብሎ ቀረ።

ቋት ጠባቂ፦
ዓምዱ ቫርቻር 30 (ከ30 የማይበልጥ ጽሑፍ የሚይዝ) ነው አይደል? በላቲን1 30 ማለት 30 ባይት ነው፣ 10 ፊደል። "ገብረመድህን" 21 ወሰደ፣ ክፍት ቦታው 1፣ "ወል" 6። ለ"ደ" 2 ባይት ብቻ ተረፈ፤ ግማሽ ፊደል ደግሞ አይነበብም። ይሄ ያኔ ሲመዘገብ የተቆረጠ ነው፣ ከአሮጌውም አታገኚውም። ከልጁ የወረቀት ፋይል መሙላት ነው። አሁን 30 ማለት 30 ፊደል ነው፤ ቢሆንም 100 አድርጊው፣ ምን ቆጠበሽ?

ማታ ሠሪ፦
ሪፖርት ካርዱ ላይ ደረጃ የሚያወጣው ዓምድ "ራንክ" ከተባለ ተዘጋጂ። ከ8.0 ጀምሮ የተያዘ ቃል ነው፤ ዳታቤዙ ለራሱ ትዕዛዝ ይጠቀምበታል። ዳምፑ በባክቲክ (በ` ምልክት) ስለሚያጥረው ዝም ብሎ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ሲጠይቅ ነው የሚፈነዳው። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ፒኤችፒስ ቨርዥኑ ስንት ነው? 5 ከሆነ የ8.4ን ሎጊን አያውቀውም።

ሪከርድ ክፍል፦
5.3 😩 ዓምዱም ራንክ ነው።

ማታ ሠሪ፦
በይ አሮጌውን ኮምፒውተር ለዚህ ምዝገባ ተዪው። ወረቀቱንም አትቅደጂ።