ውሃ የሚገባበት ሰፈር ይነሳ ወይስ ቤቱ ይሻሻል?

የዛሬ ክርክራችን፦ ግልገል አባይ ጣና ሊገባ ሲል ባለው ሜዳ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ቤታቸው ውሃ ይገባል። ወደ ከፍታ ይዛወሩ ወይስ እዛው ውሃ የሚችል ቤት ይሰራላቸው?

ከቁንዝላ፦ እኔ መዛወሩን አልደግፍም። ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የምንዘራው እኮ እሱ በተወው ርጥበትና ደለል ነው፣ ገበሬው ዳገት ላይ ሰፍሮ በየቀኑ በሬ እየነዳ ሊመላለስ ነው? አምና እናቴ ቤት ውሃ ገብቶ ምርጊቱ እስከ ጉልበት ድረስ ረግፎ ማገሩ ብቻ ቀረ፣ ጎታው ከስሩ ራሰና ጤፉ እዛው ውስጡ በቅሎ አገኘነው፣ እናቴ ያለቀሰችው ለቤቱ አይደለም ለሱ ነው። ጣራውና ቋሚው ግን ምንም አልሆነም። ችግሩ ከታች ያለው 1 ሜትር ነው!

ከባህር ዳር፦ ልጄ እናትህን እግዜር ያጽናት። ግን መሬቱ ዋልካ ነው፣ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ መሰረቱ ጠልቆ ካልወረደ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል፣ የሲሚንቶውን ዋጋ ደግሞ ማን ይችለዋል? በ1998 ክረምት ፎገራና ደንቢያ የሆነውን አይተናል፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ነው የወጣው።

ከእንጅባራ፦ ሲሚንቶ ማን አለ ጋሼ፣ ቀርቀሃ አለን አይደል እንዴ። ባንግላዲሽ ማሪና ታባሱም የምትባል አርክቴክት ኩዲ ባሪ የሚሉትን ቤት በቀርቀሃና በብረት ማያያዣ ትሰራለች፣ ፎቅ አለው፣ ጎርፍ ሲመጣ ሰው ወደ ላይ ይወጣል፣ ካስፈለገም ተፈቶ ሌላ ቦታ ይተከላል። ፓኪስታን ውስጥም ያስሚን ላሪ በቀርቀሃ፣ በጭቃና በኖራ ለጎርፍ ተጎጂ ታሰራለች። ኖራው ነው ቁምነገሩ፣ ባዶ ጭቃ ውሃ ሲነካው ይሟሟል ኖራ የገባበት ግን ይቆያል፣ የዋልካንም እብጠት ይቀንሳል ይሄን መንገድ ሰሪዎች ያውቁታል።

ከመርዓዊ፦ ቀርቀሃ እኮ በሁለት አመቱ ነቀዝ ዱቄት ያረገዋል፣ ቤታችን አይቼዋለሁ።

ከእንጅባራ፦ ለጋውን ስትቆርጪው ነዋ እህቴ! ሶስት አመት ያለፈውን በበጋ ቆርጠሽ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ጥላ ላይ ካደረቅሽው ይከርማል፣ እግሩን ብቻ አፈር ውስጥ አትቅበሪው፣ ድንጋይ ላይ ይቁም።

ከባህር ዳር፦ በዚህስ እስማማለሁ። ግን ወንዙ አፋፉን እየበላ የሚሄድበት ቦታ ላይ ያሉት የግድ መነሳት አለባቸው፣ እዛ ድንጋይም ቀርቀሃም አያድንም።

ከቁንዝላ፦ እነሱ ይነሱ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ ግን እዛው ቀበሌ ውስጥ ለማሳቸው ቅርብ የሆነ ጉብታ ይፈለግላቸው። እዛው ለሚቀረው ሰው ድንጋዩን በደቦ እናመጣለን፣ ኖራውን የሚያቀርብልን ይገኝ እንጂ። እኔ ለእናቴ ከመስከረም በኋላ ጎታውን ቆጥ ላይ ነው የማወጣላት።